የእትዬ የሻረግ ጠማማ ሉሎች

ሥራ ያቆምሁት መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ ነው። ለእኔ የጡረታ ደብዳቤ የጻፈልኝ የለም። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የሐሩን ክር በምራቄ አሹዬ አራት ጊዜ ሞከርሁ፤ አራት ጊዜም ክሩ መርፌዋን ስቶ አለፈ። በአምስተኛው መርፌዋን መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰክቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የሱቁን ባለቤት «እኔ እዚህ ላይ ይበቃኛል» አልኋት። የቀለድሁ መስሏት ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥታ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ስትሠሪ ነው ዓይንሽ እንዲህ የደከመው?» ይለኛል። «ሉል ስሰካ» ስላቸው ይስቃሉ። አይፈረድባቸውም፤ ጎጃም ጤፍ እንጂ ሉል አያበቅልም። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስሁት በዚህ ነው፤ ያውም ድብልብል ሆኖ ባልተፈጠረ፣ ሰው «ይሄማ የተበላሸ ነው» እያለ በሚመልሰው ጠማማ ሉል። ስለ እሱም፣ ሥራውን ስላስተማረኝ ሰውም፣ ስለ ሠራሁት በደልም ሳልናገር ብሞት ደስ አይለኝም።

ትውልዴ አምበር አጠገብ ነው። ጥልፍ ከእናቴ ተማርሁና ደምበጫ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠርሁ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ደሞዝ ሲጠየቅ ብቻ ጆሮው ይደነቁራል። ሦስት ዓመት የቀሚስ ጥለት ስጠልፍ ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ የገበያ ቀን ፀጉሩ የሸበተ፣ ካፖርቱ ከጉልበቱ በታች የወረደ ሰው በሩ ላይ ቆሞ እጄን ሲያይ ቆየ። ፊቴን ቀና ብሎ አላየም። በኋላ ለአሠሪዬ «ይቺ ልጅ ክር ስትቋጥር ትንፋሿን ትይዛለች» አለው። ይህ ሰው ጋሽ አንለይ ነበር፤ የደብረ ማርቆስ ወርቅ ሠሪ። በሳምንቱ ማርቆስ ሄጄ እሱ ሱቅ ሥራ ጀመርሁ፤ ሌላም አሠሪ አልፈለግሁም። አሁን ሱቁን የያዘችው ልጁ ናት።

ሱቁ ሁለት ክፍል ነበር። በጓዳው ጋሽ አንለይ ከመዶሻውና ከእሳቱ ጋር ይውላል። በፊት ለፊቱ ክፍል እኔ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጬ ድሪ እሰካለሁ፣ ለመስቀል ክር እገምዳለሁ፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ ሰው የሚያመጣውን የብር ጌጥ አጸዳለሁ። ብር የምናጸዳው በሎሚ ነው። ሎሚውን ሳህን ላይ ጨምቀን፣ የጠቆረውን መስቀል ነክረን ጥቂት አቆይተን በጨርቅ ስናሸው እንደ አዲስ ያበራል። ይህን ሥራ ዓይኔን ጨፍኜም እሠራው ነበር።

ሉሉ የመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ ሴቶች ባንገታቸው አድርገው መጡ፤ ቀጥሎ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከቻይና ኩሬ፣ ከዛጎል ሆድ የሚወጣውን በጥቅል በጥቅል ያመጣልን ጀመር። ሰው ሉል ሲባል የሚጠብቀው እንደ አተር ድብልብል ያለ ነገር ነው። እነዚህ ግን አንዱ የሩዝ ፍሬ፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ የወለቀ የሕፃን ጥርስ ይመስላል። ደንበኞች አንስተው ያገላብጡና «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ብለው ይመልሱታል። እኔም በልቤ ነጋዴው ጋሽ አንለይን ሸወደው ብዬ ነበር። ዛሬማ ልጃገረዶቹ በስልካቸው ፎቶ ይዘው እየመጡ «ጠማማው የለም ወይ?» ይላሉ።

ጋሽ አንለይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ወደዳቸው። ሉል ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል። ካሮጌ ካፖርት የቀደደውን ጥቁር ጨርቅ መስኮቱ ዘንድ ዘርግቶ ሉሎቹን ያፈስባታል፤ በአምፖል ብርሃን መርጦ አያውቅም። «ቅርጹን ተይው፣ ወዙን እዪ» ይለኝ ነበር። «ጠጋ ስትይ መስኮቱ ውስጡ ከታየሽ ጥሩ ነው። እንደ ኖራ ከደረቀብሽ መልሺው።» እውነተኛነቱን የሚፈትነው በጥርሱ ነው፤ እውነተኛው ጥርስ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሻክራል፣ የፋብሪካው ይንሸራተታል። ታዲያ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሉል ጥርሱን አያስነካም። «ከውሃ እንስሳ ሥጋ የወጣ ነው፤ እንዴት በጾም አፌ አስገባዋለሁ?» ይላል። አንድ ደንበኛችን የነበሩ ቄስ «አንለይ፣ ይህን የትኛው መጽሐፍ ላይ አገኘኸው?» ብለው ሲያሾፉበት «እርስዎ ከፈቀዱልኝማ አሁኑኑ እነክሰዋለሁ አባቴ» አላቸው። ቄሱ ሳቁ እንጂ አልፈቀዱለትም።

ደንበኛ ስትመጣ ሉሉን ቀድሞ አያወጣም። ወንበር ሰጥቶ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ ያጫውታታል። እሷ ስታወራ እሱ አንገቷን ያያል። ሲያወሩ እጃቸውን ለሚያወናጭፉ ሴቶች ረጅም ሐብል አይሰጥም። አንገቷ አጠር ያለ ከሆነ ወደ ታች የሚወርዱትን ሞላላዎቹን ያወጣላታል፤ አንገተ ረጅም ከሆነች ጎበጥ ጎበጥ ያሉትን ከጉሮሮዋ ሥር ያስጠጋል። ነጭ ቀሚስ ላይ ነጭ ሉል ይጠፋል ብሎ ለሐበሻ ቀሚስ የሚመርጠው ወደ ሮዝ የሚያደላውን ወይም ደመና ደመና የሚለውን ነው። ትልቁንና በጣም ጠማማውን መሀል ላይ እንዳደርገው አይፈቅድልኝም። «ትንሽ ወደ ጎን አርጊው፤ ሰው ሲያይ ይፈልገው» ይላል። አንድ ጊዜ ለጆሮ ጌጥ አንድ ዓይነት ሁለት ሉል ፍለጋ ግማሽ ቀን ስባክን አይቶ «አይ አንቺ! እህትማማች ፈልጊ እንጂ መንታ ምን ያደርግልሻል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀለለኝ።

የእኔ ድርሻ መሰካቱ ነው። በየሉሉ መሀል አንዲት ቋጠሮ ትገባለች፤ ክሩ ቢበጠስ አንዱ ብቻ እንዲወድቅ፣ ሉልና ሉልም እንዳይፋተጉ። ቋጠሮዋን በመርፌ ጫፍ ገፍቼ ከሉሉ ሥር አስጠጋታለሁ። ከላላች ሉሉ ይንቀሳቀሳል፣ ከጠበቀች ሐብሉ እንደ ሽቦ ይገተራል። ሐብሉን ለገዢዋ ሳስረክብ ምክርም አብሬ እሰጣለሁ። ቅቤ ተቀብተሽ፣ ሽቶ ነክተሽ ስታበቂ በመጨረሻ አጥልቂው፤ ቤት ስትገቢ መጀመሪያ አውልቂው። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። አስተኚው እንጂ አትስቀዪው። ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽም አትርሺው፤ ሉል አንገት ይወዳል።

ይህን የመጨረሻውን ምክር ከልባቸው የተቀበሉኝ የአማኑኤል ከተማዋ እትዬ የሻረግ ናቸው።

መጀመሪያ የመጡት አንድ ረቡዕ ቀን ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ከብብታቸው መሐረብ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ፈቱ። ውስጡ ጠማማ ሉሎች የተሰኩበት ሐብል ነበር። አንዲት ልጃቸው ዝናሽ ቤይሩት በሄደች በዓመቷ በተመላሽ ሴት እጅ የላከችላቸው ነው።

«ልጄን አታለዋት እንደሆን ንገሩኝ» አሉ። «አንዱም ቀጥ ያለ የለበትም። እሷ ስትደክም ውላ ያገኘችውን በሐሰት ዕቃ ወስደውባት ይሆናል እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ።»

ጋሽ አንለይ ሐብሉን መስኮቱ ዘንድ አይቶ መልሶ መሐረቡ ላይ አኖረው። «እመት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታገሡኛል?» አላቸው። ምክንያቱን ስነግራቸው የመጀመሪያዋን ፈገግታ አየሁ። አምስት ሰዓት ያህል አብረውኝ ተቀምጠው ስለ ዝናሽ አጫወቱኝ። ልክ ዘጠኝ ሲሆን ጋሽ አንለይ ከጓዳው ወጣ፣ አማተበ፣ አንዱን ሉል ነከሰ። «እውነተኛ ነው። ልጅዎ ዓይን አላት» አለ። እትዬ የሻረግ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ።

«እኔ መበለት ነኝ፤ ጌጥ ምን ይሠራልኛል? ሣጥን ውስጥ አኖረዋለሁ» ሲሉ እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ከነጠላዎ ሥር ያድርጉት እትዬ። ማንም አያይብዎትም።» እሺ አሉኝ። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ክሩን ሊያስቀይሩ ይመጡ ነበር። በመጡ ቁጥር ሉሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየዳበሱ ይቀመጣሉ። ጧት ጧት ለዝናሽ ሲጸልዩ እንደ መቁጠሪያ ይቆጥሩበት እንደነበረ ያኔ ነገሩኝ።

ዝናሽ በሄደች በስድስተኛው ዓመት፣ የሕማማት ሰኞ፣ እትዬ የሻረግ ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር መጡ። ጎረቤታቸው ውጭ ቀረች። እሳቸው የበሩን መቃን ይዘው ገቡና የባንኮኒውን ጠርዝ ዳብሰው ቆሙ። ሕማማት ስለሆነ አልተሳሳምንም፤ እኔም ልብ ብዬ አላየኋቸውም። ፊታቸው ግን በርቷል።

«ዝናሽ ቅዳም ሹር ትገባለች» አሉኝ። «የላከችልኝን አድርጌ ልቀበላት። የስንት ዓመት ቅቤዬን ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል ይሉኛል፤ አጽጂልኝ። ሐሙስ እወስዳለሁ።»

ያ ሳምንት ለእኛ የሥራ ሳምንት ነው፤ ለትንሣኤ መስቀሉን የማያሳጥብ የለም። ጋሽ አንለይ ግን ሕማማቱን ሙሉ ስግደት ላይ ነው የሚውለው፤ ሱቁ በእኔ እጅ ነበር። ሐብሉን በእርጥብ ጨርቅ ብጠርገው ቢጫው አልለቅ አለ። አጠገቤ የሰው መስቀል የተነከረበት የሎሚ ሳህን ነበር። ሉል ሎሚ አይነካም የሚለውን ጋሽ አንለይ አንድ ሺህ ጊዜ ነግሮኛል። ትንሽ ብነክረው ምን ይለዋል ብዬ ነከርሁት። ከሉሎቹ ላይ ደቃቅ አረፋ ሲነሣ እድፉ እየለቀቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። ደንበኛ ገባ፣ ሌላ ደንበኛ ተከተለ፣ ረሳሁት። አስታውሼ ባወጣውና ባብሰው ቢጫው ጠፍቷል፤ ወዙም አብሮ ጠፍቷል። እያንዳንዱ ሉል የኖራ ፍርፋሪ መስሏል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔ ግን ቢለቀምም የሚመለስ አልነበረም።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ስሕተት ነው ይባል ነበር። አላቆምሁም። ማክሰኞና ረቡዕ ከሱቁ ጥቅል ውስጥ መልካቸውም መጠናቸውም የሚመስሉ ሉሎች ስለቅም ዋልሁና በእትዬ የሻረግ የብር መቆለፊያ ላይ አዲስ ሐብል ሰካሁ። ለዓይን ልዩነት አልነበረውም፤ እንዲያውም ያምር ነበር። የሞቱትን ሉሎች መሳቢያ ውስጥ ደበቅሁ።

ሐሙስ መጡ። ሐብሉን ወደ ዓይናቸው አላስጠጉትም። ከመቆለፊያው ጀምረው በጣታቸው ሄዱበት፤ ሦስተኛው ላይ ቆሙ፤ ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ጀመሩ።

«ጥሩዬ፣ ይሄ የኔ አይደለም» አሉ።

«የእርስዎው ነው እትዬ። ስለጸዳ ነው።»

«እህ... ሦስተኛዋ ከጎኗ ስንጥቅ ነበረቻት። ጥፍሬ እዚያች ላይ ያርፍ ነበር።»

«ጽዳቱ ነው እትዬ፤ የእርስዎው ነው» አልሁ ለሁለተኛ ጊዜ።

ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። «እንግዲያስ ጣቴም ከዳኝ» አሉ በቀስታ። ከዚያ መረቁኝ፤ «እጅሽን ይባርከው» ብለው ወጡ። ምርቃታቸው እስከዛሬ ይከብደኛል።

ጋሽ አንለይ በዚያው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጉጠት ፈልጎ መሳቢያዬን ከፈተ። ሉሎቹን መዳፉ ላይ አድርጎ አየኝ። አንድም ሳላስቀር ነገርሁት። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። ኮፍያውን አውልቆ ደንበኛ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ሎሚውስ ሙያ ነው፤ ሰው እያጠፋ ይማረዋል» አለኝ። «ሴትየዋን ግን የገዛ እጃቸውን አስካድሻቸው። እሱን በምን ትሰኪዋለሽ?»

የሞቱትን ሉሎች እዚያው ፊቱ በአዲስ ክር ሰካኋቸው፤ ሦስተኛዋን ሦስተኛ፣ ሁሉንም በየቦታው፤ አምስት ዓመት ክር ስቀይር ተራቸውን አውቀው ነበር። ስቅለትን ስሰግድ ዋልሁ። ቅዳም ሹር በጧት ሚኒባስ ይዤ አማኑኤል ወረድሁ።

እትዬ የሻረግ ደጃቸው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ቄጤማ ራሳቸው ላይ አስረዋል፤ አንገታቸው ባዶ ነው። እኔ የሰካሁት ሐብል አጠገባቸው መሐረብ ላይ ተቀምጧል። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ፊት ለፊታቸው ቆምሁ። ፀሐዩ ፊቴ ላይ ነበር።

«ማነሽ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥሁ። «ጥሩዬ ነኝ እትዬ፤ የማርቆሷ። ሐሙስ ዕለት ዋሽቼዎታለሁ። ሉልዎን በሎሚ አበላሸሁትና ሌላ ሰካሁልዎ። የእርስዎ ይኸውና።» መዳፋቸው ላይ አኖርሁላቸው።

ጣታቸው ከመቆለፊያው ጀመረ። አንደኛዋን አለፉ፣ ሁለተኛዋን አለፉ፣ ሦስተኛዋ ላይ ጥፍራቸው ስንጥቋን አገኘ። እትዬ የሻረግ መሳቅ ጀመሩ፤ እየሳቁ እንባቸው ይወርዳል።

«ከሐሙስ ጀምሮ ሞቼ ነበር እኮ» አሉኝ። «ዓይኔ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። ሐኪሙ ዘግይተሽ መጣሽ አለኝ። ለዝናሽ አልነገርኋትም፤ በሰው አገር ምን ትሁንብኝ? ስልክ ስትደውል ‹ፎቶሽን አየሁት፣ አምሮብሻል› እላታለሁ። ስትመጣ ፊቷን ዳብሼ እለያታለሁ ብዬ በእጄ ተማምኜ ነበር። አንቺ የእርስዎው ነው ስትዪኝ፣ አምስት ዓመት የቆጠርሁትን ሉል ካልለየሁ ልጄንስ በምን ልለያት ነው አልሁ። በሕማማት ስሞ መለየት እንኳ የለ። እንደ ባዕድ እጇን ይዤ ልቆም ነው ብዬ ሁለት ሌሊት አለቀስሁ።»

እኔም አብሬ አለቀስሁ። «ወዙ ግን የለም እትዬ። ኖራ ነው የሚመስለው» አልኋቸው።

«ወዙማ ለናንተ ለምታዩት ነበር። አጥልቂልኝ።»

ከነጠላቸው በላይ አጠለቅሁላቸው። ይቅርታ ስጠይቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሎሚውን ይቅር ብዬሻለሁ። የእርስዎው ነው ያልሽኝን ግን ጥቂት ጊዜ ስጪኝ» አሉኝ። ተገቢ ነበር፤ ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ፤ እንደማያዩኝ ትዝ ሲለኝ ደግሞ በአፌ «እሺ» አልሁ። ከዚያ ክንዳቸውን ሰጡኝ። «በይ መንገድ ዳር አድርሺኝ።»

አስፋልቱ ዳር ብዙ ቆምን። አውቶቡስ ሲመጣ በክንዴ ላይ እጃቸው ይጠብቃል፣ ሲያልፍ ይላላል። በመጨረሻ አንዱ ቆመና ትልልቅ ሻንጣ የያዙ ሦስት ሴቶች ወረዱ። አንዷ ሻንጣዋን ጥላ «እምዬ!» እያለች ሮጠች፤ አጠገባቸው ስትደርስ መሳሳም እንደሌለ ትዝ ብሏት እጇን ዘርግታ ቀረች። እትዬ የሻረግ ክንዴን ለቀቁ። ሁለት እጃቸውን አንስተው ፊቷን ያዙ። ግንባሯን ሄዱበት፣ ቅንድቧን፣ የአፍንጫዋን ድልድይ፤ ከጆሮዋ ኋላ ገብተው ወደ አገጯ ወረዱ። አይቸኩሉም ነበር። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

«ጉንጭሽን የት ጣልሽው ልጄ?» አሉ።

ዝናሽ እየሳቀች ቀና አለችና የእናቷን ዓይኖች አየች። ዓይኖቹ በትከሻዋ ላይ አልፈው አስፋልቱን ነበር የሚያዩት። ሳቋ ቆመ።

«እምዬ... አታዪኝም እንዴ?»

«እያየሁሽ ነው» አሉ እትዬ የሻረግ፤ እጃቸው ገና አልተነሣም። «ዝም በዪ፣ አልጨረስሁም።»